ስሌቱን ለስልኩ፣ ቱቦውን ለነርሷ

ላሊበላ የምሠራ ነርስ ነኝ። በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ የሚመገቡ ሕፃናትንና ራሳቸውን የሳቱ አዋቂዎችን እንከባከባለሁ። የምግባቸውን ልክ ስለሚያሰላ የሞባይል መተግበሪያ የምጽፈው አንዲት ነርስ ብቻዋን ብዙ ሕሙማን ይዛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስታሰላ ስሌቱ እንደሚሳሳት ስለማውቅ ነው።

በምግብ እጥረት የተጎዳና 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እንውሰድ። ኤፍ 75 የተባለው ወተት በቀን ለአንድ ኪሎ 130 ሚሊ ሊትር ይታዘዝለታል፤ በድምሩ 780 ነው። በየሦስት ሰዓቱ፣ ስምንት ጊዜ ሲከፋፈል በአንድ ጊዜ 97 ገደማ ይደርሰዋል። እብጠቱ ከእግሩ አልፎ ፊቱ ላይ ከወጣ ግን ልኩ ለአንድ ኪሎ ወደ 100 ይወርዳል፤ በአንድ ጊዜ 75 ብቻ። ልዩነቱ በሲሪንጅ ሲታይ ትንሽ ነው። በቀን 180 ሚሊ ሊትር ሲሆን ግን የደከመውን ልብ ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል። ይህን ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ሰንጠረዥም ይነግረናል። ሰንጠረዡ ግን ሕፃኑ ትናንት ስንቱን እንዳስመለሰና ክብደቱ ወዴት እንደሄደ አያውቅም። ስልክ መዝግቦ ይይዛል፤ ሰዓቱ ሲደርስም ይጮኻል።

አዋቂዎቹ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ውጭ አገር የተሠሩት መተግበሪያዎች የሚጠይቁን የታሸገ ፈሳሽ ምግብ ስም ነው። እኛ ጋ ቤተሰብ የሚያመጣው አጥሚት ነው፤ የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት፣ ሲገኝ ወተትና ስኳር። አጥሚቱ ከወፈረ ቱቦውን ይደፍነዋል። ከቀጠነ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። 50 ኪሎ የሚመዝን ሕመምተኛ ከተረጋጋ በኋላ በቀን 1250 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል፤ እህቱ በፔርሙዝ ያመጣችው አጥሚት የዚህን ስንት እጅ እንደሚሸፍን የሚነግረኝ መተግበሪያ አላገኘሁም። የምፈልገው ስንት ማንኪያ ዱቄት፣ ስንት ብርጭቆ ወተት፣ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደገባ ጠይቆ የሚያሰላ ነው። ጾሙንም ይወቅ። በሁዳዴ ብዙ ቤተሰብ የንስሐ አባት መጥተው «ለታመመ ይፈቀዳል» እስኪሉ ድረስ ወተት ለመስጠት ያመነታል፤ እስከዚያው በአኩሪ አተር ዱቄትና በዘይት እንዴት እንደምናደርሰው ያሳየን።

አያቴ የ1977ቱን ድርቅ ያለፈች የላስታ ሴት ናት። የተራበ ሰው ቤቷ ሲገባ ቀጭን አጥሚት በትንሽ በትንሹ ታቀምሰው ነበር፤ አንዴ ያጠገቡት ይሞታል ትላለች። ሐኪሞችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በረሃብ ከስተው ከምርኮ የተለቀቁ ሰዎች መብላት ሲጀምሩ ሲሞቱ አይተው ይህንኑ ጽፈዋል። ምግብ በድንገት ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሺየም ይወርዳል፤ የልብ ምትም ይዛባል። እኛ ጋ ፎስፌት የሚለካ ላብራቶሪ የለም። ስለዚህ መተግበሪያው «የፎስፌቱን ውጤት አስገቢ» ብሎ እንዳይቆም። ውጤት ከሌለ በዝግታ ጀምሪ፣ ትንፋሹንና እብጠቱን ተከታተይ ይበለን።

ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ባይመጣ ይሻላል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ስልክም ጠፍቶብን ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት አልተከፈተም። ያለ ኔትወርክ መሥራት እንደሚቻል አይተናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ኢ-ሲኤችአይኤስ ገጠር ውስጥ መዝግቦ ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል።

አንድ ነገር ግን ከማንም ስልክ አልጠብቅም። የቱቦው ጫፍ ጨጓራ ውስጥ ይሁን ሳንባ ውስጥ መተግበሪያ አያይም። ፈሳሹን በሲሪንጅ ስቦ አሲድነቱን በወረቀት መለካት፣ ከተጠራጠሩም ራጅ ማስነሳት የሰው ሥራ ነው። አየር ገፍቶ ሆድ ላይ በማዳመጥ ብቻ መተማመን አይበቃም። ቱቦው ሳንባ ከገባ ልክ የተሰላው ምግብ ራሱ ይገድላል። ስለዚህ መተግበሪያው መጣ ተብሎ ከሌሊት ተረኛ ላይ አንድ ነርስ እንዳይቀነስ አጥብቄ እለምናለሁ።

የአማራ ክልል ጤና ቢሮና ጤና ሚኒስቴር ይህን ሥራ በአማርኛ ያሠሩት። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የጤና መምህራን ለሙከራ እኛ ዋርድ ድረስ ቢመጡ አጥሚቱን አብረን እንለካለን። የሕመምተኛ ቤተሰቦችም አደራ፦ ነርሷ ቱቦውን ሳታረጋግጥ ምንም አታፍስሱ፤ ስታበሉትም፣ ከበላም በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ራስጌውን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።