የምግብ መጽሐፉና የበቆጂ ድስት

በቆጂ ስትነሳ በሁላችንም ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ሩጫ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚችው የአርሲ ደጋ ከተማና ከአካባቢዋ የተገኙ ናቸው። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ ስስ አየሯ ለሯጮች ስላለው ጥቅም ብዙ ተጽፏል። ያው አየር በድስት ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ግን እምብዛም አልተነገረም። እኛ ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

የሆቴል አብሳዮችን ስልት በቤታቸው ሆነው ከመጽሐፍ ለመማር የሚጥሩ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። ጥረታቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና ከውጭ የመጡ ወይም ከውጭ መጻሕፍት የተቀዱ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ የተሞከሩት ለባህር ወለል በቀረቡ ከተሞች ነው። መጽሐፉ ይህን አይናገርም፤ «ይህን ያህል ደቂቃ ይቀቀል» ብሎ ያልፋል። አንባቢዋ ቃል በቃል ትፈጽማለች፤ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር ይቆያታል።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። በበቆጂ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ውኃው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብንጨምርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላን የሚያለሰልሰው ደግሞ መንተክተኩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ የፍሬውን ህዋሳት አያይዞ የያዘው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚላላው እንደ ሙቀቱ መጠን ነውና። ዘጠኝ ዲግሪ ጥቂት ቢመስልም የማብሰያውን ጊዜና የማገዶውን ወጪ እጅግ ያበዛል።

የኬክ ጉዳይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ግፊቱ ስላነሰ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ሊጡ ሳይጠና አረፋዎቹ ይፈነዱና ኬኩ መሐሉ ይሰምጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል መቀነስ፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመር፣ የምድጃውንም ሙቀት በመጠኑ ከፍ ማድረግ ነው።

ነገሩ ከአንድ ድስት ባቄላ ያለፈ የሚሆነው በቋንቋችን ውስጥ ስንመለከተው ነው። በአማርኛ «ባለሙያ» የምንለው ሐኪሙንና መሐንዲሱን ብቻ አይደለም፤ ወጥ አሳምራ የምትሠራውንም ሴት ነው። ኬኩ ሲሰምጥ «ሙያ የላትም» ይባላል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስን ተራሮች ሲያቋርጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ያደረ ድንች ሳይበስል መገኘቱን ጽፏል። ባልንጀሮቹ ተመካክረው ጥፋቱን የጣሉት በአዲሱ ድስት ላይ ነበር። በእኛ አገር ድስቱ ይማራል፤ የሚከሰሰው የሴቲቱ እጅ ነው። የአየር ግፊት ላደረሰው ጉድለት ሰው ሲወቀስ ሳይንስ ዝም ሊል አይገባውም።

የደጋው ማድ ቤት በበኩሉ ለዚህ ችግር የሚበጁ ዘዴዎችን ይዞ ቆይቷል። አተርና ባቄላ ይዘፈዘፋል፣ ይከካል፣ ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል፤ እህሉ በደቀቀ ቁጥር ውኃና ሙቀት ቶሎ ይዘልቁታል። ገብስ ይቆላል፤ ምጣድ ላይ ውኃ ስለሌለ ሙቀቱ በ91 ዲግሪ አይታገድም። የአርሲው ጩኮ የሚሠራው ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ ነው። የወጥ ቁሌትም ቢሆን ሽንኩርቱ ውኃውን እስኪጨርስ ሙቀቱ ከመፍያ ነጥቡ ብዙም አያልፍም፤ ቀለሙና ጣዕሙ የሚለወጠው ውኃው ካለቀ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ያስተዋወቀው፣ ዛሬ ፕሬዠር ኩከር የምንለው ድስት አባት ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ በማድረግ ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ያስችላል።

ምግብ ሥራ ከእናት ጓዳ እንጂ ከመጽሐፍ አይገኝም የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ እጅና ዓይን የሚያውቁትን ሁሉ ወረቀት አይዘውም። ሆኖም የጓዳ ትምህርት የሚያውቀው አንድ ምድጃንና አንድ አየርን ነው። ከበቆጂ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ድሬዳዋ የሄደች ልጅ ውኃው በ96 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ታገኘዋለች፤ የለመደችው ጊዜ ሁሉ ይዛነፍባታል። ምክንያቱን የተረዳች ግን የትም ብትሄድ አትቸገርም።

በእኛ እምነት ሙያ ማለት ደቂቃን መሸምደድ ሳይሆን ምክንያትን ማወቅ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚዘጋጁ የምግብ መጻሕፍት ሦስት ነገሮችን ቢያሟሉ እንላለን። አንደኛ፣ መመሪያው የተሞከረበትን ከፍታ ይግለጹ። ሁለተኛ፣ ከደቂቃው ጎን የመብሰሉን ምልክት ይጻፉ፤ ባቄላው በጣት ሲጨመቅ ይፈረክሳል ወይስ ይቋቋማል? ሦስተኛ፣ ከቤት ቤት በሚለያየው ስኒና ጣሳ ፋንታ በግራም ይለኩ፤ ሩቡን ለመቀነስ መጀመሪያ ሙሉው መታወቅ አለበት።

የሳይንስ ፋኩልቲዎችም ድርሻ አላቸው። በአሜሪካ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በተለይም በኮሎራዶ፣ ተመራማሪዎች ለከፍታ የሚስማማ የአጋገር መመሪያ አዘጋጅተው ለቤት እመቤቶች አድርሰዋል። እኛ የሕዝባችን ብዙው ክፍል በደጋና በወይና ደጋ የሚኖርባት አገር ልጆች ነን። ከአንድ ቴርሞሜትር፣ ከአንድ ሚዛንና ከአንድ ድስት በላይ የማይጠይቅ ጥናት በበቆጂ፣ በአሰላ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ቢካሄድ፣ ለየከፍታው የሚሆን የማብሰያ ሠንጠረዥ ማውጣት ይቻላል። ሠንጠረዡ በምግብ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሲታተም ማገዶ ይቆጥባል፤ ያለ ጥፋቷ «ሙያ የላትም» የምትባለዋንም ከወቀሳ ያድናል።