አይበገሬ የተባለው የካኖላ ዘር ለምን ተበገረ?

በደቡብ አውስትራሊያ፣ ኤር በተባለው ባሕረ ገብ መሬት የሚኖሩ ገበሬዎች በጎርጎሮሳውያኑ 2003 የገጠማቸው ፈጽሞ ያልጠበቁት ነበር። በሽታን በመቋቋም ብርታቱ ተወድሶ ገበያ ከገባ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው የካኖላ ዘር ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ወደቀ። ክፉኛ በተጠቁት ማሳዎች እስከ 90 በመቶ የሚደርስ ምርት ታጣ።

ጉዳቱን ያደረሰው ሌፕቶስፌሪያ ማኩላንስ የተባለ ፈንገስ ነው። አውስትራሊያውያን በሚገባ ያውቁታል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገና የጀመሩትን የካኖላ እርሻ ከጥፋት አፋፍ ያደረሰው እርሱ ነበር። አዲሱ ዘር የተማመነው ከዱር ዘመዱ በተገኘ መከላከያ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ዘረ-መል ፈንገሱ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ለይቶ ተክሉን ያነቃል። ፈንገሱ ያን ፕሮቲን ከለወጠ ወይም ከጣለ ግን ተክሉ ጠላቱን አያውቀውም። ፈንገሱ ደግሞ ከአጨዳ በተረፈው ግንድ ላይ በየዓመቱ ተዳቅሎ በነፋስ ይበተናል። ሰፊ መሬት በአንድ ዓይነት ዘር ሲሸፈን፣ የሚተርፈውና የሚባዛው መከላከያውን ማለፍ የቻለው ብቻ ይሆናል። ገበሬው የተመከረውን ዘር በመዝራቱ ሊወቀስ አይገባም፤ ኪሳራው ያረፈው ግን በእርሱ ላይ ነው።

በፈረንሳይም አርኤልኤም-1 የተሰኘው ዘረ-መል በጥቂት የምርት ወቅቶች ኃይሉን አጥቷል። ተመራማሪዎች በኋላ ባካሄዱት የመስክ ሙከራ፣ ብርቱ ዘረ-መል ለብቻው ሲሰለፍ ቶሎ እንደሚሸነፍ፣ መጠነኛ መከላከያ በሚሰጡ በርካታ ዘረ-መሎች ሲታገዝ ግን ዕድሜው እንደሚረዝም ተመልክተዋል። ችግሩ፣ አንዱን ብርቱ ዘረ-መል ማዳቀሉ ይቀላል፤ ብዙዎቹን ማሰባሰብ ዓመታት ይፈጃል።

አውስትራሊያ ዛሬ ዘሮቿን በያዙት መከላከያ በፊደል ትመድባለች። ገበሬው ምድቡን እያፈራረቀ፣ ካምናው ማሳ ቢያንስ 500 ሜትር ርቆ እንዲዘራ ይመከራል።

ለኢትዮጵያውያን ታሪኩ እንግዳ አይደለም፤ በ2013 ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዘር በግንድ ዋግ የተመታው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ለካኖላ አዳቃዮች ተስፋ ከሚሰጡት ተክሎች አንዱም ኢትዮጵያዊ ነው፦ ባለሙያዎች ምጣድ የሚያሰሱበት ጎመን ዘር ይህን ፈንገስ በብርታት ይቋቋማል። መከላከያውን በማዳቀል ወደ ካኖላ ማሸጋገር አድካሚ ቢሆንም ይቻላል። ለብቻው በሰፊ መሬት ከተዘራ ግን ፈንገሱ እርሱንም የሚያልፍበትን መንገድ ሊያገኝ ይችላል።