ኢቃማ የሌለው ብር

በሐብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ከተማ፣ ስለ ስደት ስብሰባ ሲጠራ የሚባለው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ወጣቱ ግንዛቤ ይጎድለዋል፣ ደላላ ያታልለዋል፣ ስለዚህ ይመከር። እኔ ይህን አልቀበልም። የሐብሩ ወጣት የጅቡቲውን የኦቦክ ጀልባና በየመን የሚጠየቀውን የማስለቀቂያ ገንዘብ ከመካሪዎቹ በላይ ያውቃል፤ በሬ ተሸጦ የተለቀቀ ወንድም ወይም ጎረቤት አለው። በነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ሲል፣ ልጅ ለቀረበት ቤት አዲስ ወሬ አልነበረም።

የጠፋው መውጫ በር ነው። በጥቅምት 2006 መንግሥት ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ በወሩ ሳዑዲ ኢትዮጵያውያንን ማባረር ጀመረች፣ ከ160 ሺህ በላይ ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ቆየ፤ ጉዞው ግን አልቆመም፣ በደላላ ቀጠለ። በመሃል የወጣው አዋጅ 923/2008 ደግሞ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘ ይሂድ አለ። ከብት ሲጠብቅ ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅስ? በ2015 ለሳዑዲ 500 ሺህ ሰው ይመለመላል ሲባል ጥሪው ለሴቶች ነበር፣ ያውም ለቤት ሠራተኝነት። ወንዱ በአፋር በሎግያ በኩል በእግሩ ይሂድ የተባለ ያህል ነው።

በእግሩ የገባ ኢቃማ፣ ማለትም የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ኢቃማ የሌለው የባንክ ሒሳብ አይከፍትም፤ ደመወዙን ለሐዋላ ሰው ይሰጣል፣ እናቱም መርሳ ላይ ስልክ ተደውሎላቸው ብሩን ይቀበላሉ። ከዚያ ባለሥልጣኑ ተነሥቶ «ጥቁር ገበያ» እያለ ይቆጣል። ወደ ጥቁር ገበያው የገፋው ግን ያው መውጫ በሩን የዘጋበት ሕግ ነው።

ኢቃማ ያላትስ? እስከ ሐምሌ 2016 በባንክ የላከች ሴት ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ታገኝ ነበር፤ ውጭ ከ100 ብር በላይ ሲመነዘር። ሳዑዲ ከደመወዟ የገቢ ግብር አትቆርጥም። የቆረጠባት የራሷ አገር ምንዛሪ ነው፣ ያውም ግማሽ ሊጠጋ፣ ያለ ደረሰኝ። ግብር ከፋይ ብሎ ያመሰገናትም የለም።

በሳዑዲ በረሃ ፍየል የሚጠብቀው፣ እርሻ የሚያርሰው የእኛ ልጅ መሆኑን ሁለቱም መንግሥታት ያውቃሉ። እንደ ቤት ሠራተኛዋ እሱም በስሙ፣ በውል፣ ከነኢቃማው የማይመለመልበት ምክንያት ካለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እሱ ይነገረን።