ሜዳው የማን ነው?



ባለፈው ወር በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በየዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር የእግር ኳስ ግጥሚያ አለን። ግጥሚያው የሚካሄደው ሁልጊዜ በቀበሌው ሜዳ ሲሆን፣ ሜዳው የእኛም የእነርሱም አይደለም። ዘንድሮ ታዲያ የዚያኛው ትምህርት ቤት ልጆች «አንድ ጊዜ እንኳ በእኛ ግቢ እንጫወት» ሲሉ ደብዳቤ ጻፉልን። የእኛ ልጆች ተቆጡ። «ሜዳው ገለልተኛ አይደለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ፍትህ ይፈልጋሉ?» አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም መምህራኑ በልባችን ያደላነው ወደ ልጆቻችን ነበር።

በዚያው ሳምንት አሜሪካን አገር በአላባማ ክፍለ ግዛት የሚማር የቀድሞ ተማሪያችን ለእረፍት መጥቶ ሊጠይቀን ገባ። ክርክሩን ሰምቶ ሳቀና፣ «ኡስታዝ፣ እኔ ባለሁበት አገር እኮ በዚሁ ጉዳይ ስንት ዓመት ተጨቃጭቀዋል!» አለን። የነገረንን ይዘን ጥቂት አነበብንበት። ለዛሬው አምዳችን የመረጥነውም ይህንኑ ታሪክ ነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ ይሏል።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። አሜሪካውያን «ፉትቦል» የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል የሾለ ነው፤ በአብዛኛውም በእጅ ተይዞ ይሮጡበታል፣ ይወራወሩታል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የኮሌጅ ተማሪዎች የሚያደርጉት ግጥሚያ የሚስበው የተመልካች ብዛት ነው። በአላባማ ትልቅ የፕሮፌሽናል ቡድን የለም። በመሆኑም የሕዝቡ ፍቅር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ አርፏል። አንደኛው በተስካሉሳ ከተማ ያለው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው በስተምሥራቅ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ያለው ኦበርን ነው። ባል የአንዱ፣ ሚስት የሌላው ደጋፊ የሆኑባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ተብሎ ግማሹ የአንዱን፣ ግማሹ የሌላውን ቀለም የያዘ የመኪና ሰሌዳ እስከ መሸጥ ተደርሷል።

ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በ1893 በበርሚንግሃም ከተማ ነበር። በ1907 ስድስት ለስድስት ተለያዩ። ለቀጣዩ ዓመት ሲዋዋሉ ግን በተጫዋቾች አበል፣ በሚመጣው ሰው ቁጥርና በዳኛ አመራረጥ ሳይስማሙ ቀሩ። በአበሉ ላይ የነበረው ልዩነት ጥቂት ዶላሮች ብቻ ነበር። ነገር ግን በዚች በጥቂት ገንዘብ የተጀመረ ኩርፊያ 41 ዓመት ዘለቀ። ያን ጊዜ የተጫወቱት ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ የልጅ ልጅ እስኪያዩ ድረስ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍለ ግዛት እየኖሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጋጠሙ ቀሩ።

እርቁ የመጣው በ1948 ነው። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ግፊት አደረገ፣ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ፕሬዚዳንቶችም ተገናኝተው ተስማሙ። በግጥሚያው ዕለት ጠዋት የሁለቱ ተማሪዎች ማኅበራት መሪዎች በበርሚንግሃም አንድ መናፈሻ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው መጥረቢያ ቀበሩ። በእነርሱ ዘንድ ይህ የእርቅ ምልክት ነው። ከሰዓት በኋላ አላባማ 55 ለ0 አሸነፈ። በዓመቱ ደግሞ ኦበርን 14 ለ13 አሸንፎ ካሰ።

እንግዲህ የሜዳው ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1948 «የት እንጫወት?» ሲባል የተመረጠው በበርሚንግሃም የሚገኘው ሊጅን ፊልድ የተባለ ስታዲየም ነበር። ግጥሚያውም በከተማይቱ የብረት ኢንዱስትሪ ምክንያት «አይረን ቦውል» እየተባለ መጠራት ጀመረ፤ «አይረን» ብረት ማለት ነው። ምርጫው ለጊዜው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ሊጅን ፊልድ ከ40 ሺህ ሰው በላይ ይይዝ ነበር። የኦበርን ሜዳ በ1939 ሲከፈት የነበረው መቀመጫ ግን 7,500 ያህል ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ወዴት ያስገቡታል? በዚያ ላይ ትኬቱ እኩል ለሁለት ይከፈል ነበር። ግማሹ ስታዲየም የአንዱን ቀለም፣ ግማሹ የሌላውን ለብሶ ይታያል። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል?

ሆኖም ግን ጠጋ ብለን ስንመለከተው ሌላ መልክ አለው። ከተስካሉሳ እስከ በርሚንግሃም 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከኦበርን ግን የዚያን እጥፍ ገደማ ያስኬዳል። ከዚህም በላይ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ብዙዎቹን ትልልቅ የሜዳው ጨዋታዎች የሚያደርገው እዚያው ሊጅን ፊልድ ውስጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ሣሩን ያውቁታል፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ያውቁታል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያውቃሉ። ታዲያ አንደኛው በየወሩ የሚመላለስበት፣ ሌላው በእንግድነት የሚገባበት ሜዳ ስሙ ገለልተኛ ስለተባለ ብቻ ገለልተኛ ይሆናልን?

በነገሩ ውስጥ የንቀት ቅመምም ነበረበት። ኦበርን መሠረቱ የእርሻና የሙያ ኮሌጅ ነው። በተቀናቃኞቹ አፍ «የላም ኮሌጅ» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። በመሆኑም «ወደ እኛ ኑ» የሚለው ጥያቄው ስለ ኳስ ብቻ አልነበረም። «እኛም ቤት አለን፤ በራችንን አንኳኩ» ማለቱ ነበር። ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ሜዳው የሁሉም ነው ይባል በነበረበት ዘመን ሁለቱም ቡድኖች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች በዋናው ቡድን አላሰለፉም። «የሁላችን» የሚለው ቃል ሲነገር «ሁላችን» የተባሉት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ሁልጊዜ ደግ ነው።

ኦበርን ታዲያ ምን አደረገ? ሲያጉረመርም ብቻ አልተቀመጠም። ሜዳውን ዓመት በዓመት አሰፋው። በ1949 ወደ 21 ሺህ፣ በ1987 ደግሞ ወደ 85 ሺህ መቀመጫ አደረሰው። ከ1981 ጀምሮ ዋና አሠልጣኝ የነበረው ፓት ዳይ ጉዳዩን ያዘና አልለቅ አለ። በ1948 «ቦታ የላችሁም» የሚለው መልስ ያስኬድ ነበር፤ በ1987 ግን ምክንያቱ ሞቶ ውሳኔው ብቻውን ቀርቶ ነበር። እኛ ከዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለናል። በዘመኑ ትክክል የነበረ ውሳኔ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ እንደ ልማድ ሲቀጥል ሳይታወቅ ወደ በደል ይለወጣል። ይህን ለውጥ ቶሎ የሚያየው ደግሞ መንገዱ የረዘመበት ወገን ነው። መንገዱ ያጠረለት «ምን ጎደለና ይቀየራል?» እያለ ይኖራል።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ስምምነት ተደረሰ። የኦበርን ተራ በሆነባቸው ዓመታት ግጥሚያው በኦበርን እንዲሆን፣ በ1991 ግን አንድ ጊዜ ብቻ በበርሚንግሃም እንዲካሄድ ተወሰነ። በዚህም መሠረት ታኅሣሥ 2 ቀን 1989 የአላባማ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦበርን ከተማ ገባ። በዓመቱ ሳይሸነፍ የመጣ፣ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን ነበር። ከጨዋታው በፊት የኦበርን ተጫዋቾች ወደ ስታዲየሙ በሚሄዱበት መንገድ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ኦበርን 30 ለ20 አሸነፈ። ከውጤቱ ይልቅ ግን እንግዳው መምጣቱ ነበር ለከተማይቱ ሰዎች ትልቁ ነገር።

አላባማም ቢሆን የሊጅን ፊልድን ነገር ቀስ በቀስ ተወው። በ1998 በበርሚንግሃም ለመጨረሻ ጊዜ አስተናገደና በ2000 ግጥሚያውን ወደ ተስካሉሳ ወሰደው። በዚያ ዕለትም እንግዳው ኦበርን 9 ለ0 አሸነፈ። ባለሜዳ መሆን ማሸነፍ ማለት እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ገለልተኛ ሜዳ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የለም አንልም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዳላስ ከተማ የቴክሳስና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1929 ጀምሮ በየዓመቱ ይጋጠማሉ። ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች እስከ ዳላስ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚጫወቱበት ኮተን ቦውል የተባለው ስታዲየም የሁለቱም የዘወትር ቤት አይደለም። ትኬቱ እኩል ይከፈላል፣ ደጋፊዎቹም ከሜዳው መሐል መስመር ጀምሮ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ጨዋታው የሚውለው በክፍለ ግዛቱ ዓመታዊ ባዛር ሰሞን በመሆኑ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። እዚያም ቢሆን «በየግቢያችን እናድርገው» የሚል ድምፅ አልፎ አልፎ ይነሳል። ሆኖም ሁለቱም እኩል ደክመው፣ እኩል እንግዳ ሆነው ስለሚመጡ ዝግጅቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ልዩነቱ እንግዲህ ይህ ነው። ገለልተኛ ሜዳ ማለት የማንም ያልሆነ ሜዳ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ወገኖች እኩል እንግዳ የሚሆኑበት ሜዳ ነው።

ለእውነት ስንል የጠፋውንም መናገር ይገባናል። ግጥሚያው ከበርሚንግሃም ሲወጣ ሆቴሎቿና ምግብ ቤቶቿ ገበያ አጡ። ያ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ይታይ የነበረው ስታዲየምም ቀረ። ዛሬ በሁለቱም ግቢዎች እንግዳው የሚያገኘው መቀመጫ ጥቂት ነው። ተራ መግባት ፍቅር አላመጣም። ከ2010 ግጥሚያ በኋላ አንድ የአላባማ ደጋፊ ኦበርን ውስጥ የነበሩ የከተማው ሰው ድል ሲያገኝ የሚሰበሰብባቸውን አሮጌ የዋርካ ያህል የሚከበሩ ዛፎች መርዝ አፈሰሰባቸው። ሊያድኗቸው ብዙ ተሞከረ፣ በ2013 ግን ተቆረጡ። ስለዚህ ሜዳ መቀያየር የፍትህን ጥያቄ ይመልሳል እንጂ የሰውን ልብ አያክምም። ልቡን የሚያክመው ቤትና ትምህርት ቤት ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ካነበብን በኋላ ልጆቻችንን አንድ ሥራ ሰጠናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ትምህርት ቤት በር ተነስተው እስከ ቀበሌው ሜዳ በእግራቸው እንዲሄዱና ሰዓት እንዲይዙ አደረግን። 50 ደቂቃ ፈጀባቸው። ከእኛ በር እስከዚያው ሜዳ ግን ሰባት ደቂቃ ነው! በየቀኑ ከትምህርት በኋላ የሚለማመዱበትም የእኛ ልጆች ናቸው። ጎሉን ቀለም የቀባነውም እኛው ነን። ስንት ዓመት ሙሉ «ገለልተኛ» ስንለው የኖርነው ሜዳ ለካ የእኛው ጓሮ ነበር። እኛ መምህራኑ ይህን ለማወቅ የዚያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልገንም ነበር፤ አስበነው ስለማናውቅ እንጂ።

አንዳንዶቹ ልጆች አሁንም አልተዋጠላቸውም። «የእነርሱ ሜዳ እኮ ድንጋይ ነው፤ ተመልካች የሚቆምበትም የለው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በ1948 ለኦበርን የተሰጠውም መልስ ይኸው ነበር። ስለዚህ መልስ ስንጽፍ ሁለት ነገር አደረግን። ዘንድሮ እኛ እንድንሄድ፣ ከርሞ እነርሱ እንዲመጡ፣ በዚሁም በየተራ እንዲቀጥል ተስማማን። ከግጥሚያው አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች አብረው ድንጋዩን እንዲለቅሙ ቀን ቆረጥን።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችንም እንዲህ ያለ ሜዳ አይጠፋም። በዓል ሲመጣ ሁሌ የሚኬደው ወደ የትኛው ወገን ዘመድ ነው? ሽምግልና የሚቀመጠው ሁሌ በማን ሳሎን ነው? ወንድማማቾች ሲነጋገሩ የሚመጣው ሁሌ ማን ነው? ልማዱ ሲጀመር በቂ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ምክንያቱ ዛሬም አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ግን መንገዱ ያጠረለት ሰው ድርሻ ነው። የራቀበት ሲጠይቅ ክርክር ይሆናልና።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። የግጥሚያውን ውጤት በሚቀጥለው ወር እንነግራችኋለን፣ ኢንሻአላህ። ብንሸነፍም እንኳ አንደብቃችሁም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።