«ሲስተሙ እምቢ አለ» አትበሉ

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችሁ እንድታወጡት የምለምናችሁ አንድ አባባል አለ፤ «ሲስተሙ እምቢ አለ» የሚለው። መንትያው «ሲስተም የለም» ነው። አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ባለፈው ሳምንት ብቻ ስንት ጊዜ እንደ ሰማችሁት ቁጠሩ፤ በባንክ፣ በወረዳ፣ በክሊኒክ፣ በነዳጅ ማደያ። አንዳንዶቻችሁም ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጣችሁ ራሳችሁ ትሉታላችሁ። እኔ እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አያምርብኝም።

ሲስተም እምቢ አይልም። እምቢ የሚለው ሰው ነው። ልዩነቱ እምቢታውን ቀድሞ ጽፎ ወደ ቤቱ መሄዱ ብቻ ነው።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። በሁለት ታክሲ ነው የመጡት፤ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት በትሕትና፣ ትሕትናውን አልክድበትም፣ «እናቴ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም» አላቸው። «አለሁ እንጂ ልጄ፣ ይኸው ቆሜ» አሉት። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በትከሻቸው በኩል ወረቀቱን አየሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ መነሻው «ጸ» ነው ብቻ ልበል። ወጣቱ እንደ ወረቀቱ በጸሎቱ ጸ ነበር የሚፈልገው። «እስቲ በፀሐዩ ፀ ሞክረው» አልኩት። ወዲያው ወጡ። ሦስት ቀን፣ ስድስት የታክሲ ሂሳብ በመሄጃ ብቻ፣ በአንዲት ፊደል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ትክክልም ነው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ለኮምፒውተሩ እንደ በ እና መ የተለያዩ ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ባለ ሦስት ፊደል ቃል ውሰዱ፤ ሁለቱን ጸዎች ከ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ጋር አባዙት። ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት ሰው ያያል። ፍለጋው ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ግን ለአንድ ፕሮግራመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያ ግማሽ ቀን አልተሠራም። ያልሠራው ሰው ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልደት ቀን የሚሞላበት ቅጽ ሠርቻለሁ፤ ወሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ከውጭ ያገኘሁትን የተዘጋጀ ኮድ እንዳለ አስገብቼ ስማቸውን ብቻ ነበር የለወጥኩት። ባልደረባዬ «ጳጉሜንስ?» ሲለኝ «ስንት ሰው ነው በጳጉሜን የሚወለደው?» አልኩት። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ያ «በኋላ» እስካሁን አልመጣም።

ከዚያ የባሰም አለ። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ለሁሉም ስምንት የሚደምር ፕሮግራም አይቻለሁ። በኅዳር 1960 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1967 ነው የተወለደው፤ ስምንት ደምራችሁ 1968 ስትሉት አንድ ዓመት ከዕድሜው ትሰርቃላችሁ። ጡረታ በ60 ዓመት በሚወጣበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ደግሞ የቀጠሮው መልእክት አለ፤ «8:00 ይምጡ» ይላል። እናትህ ስምንት ሰዓት ስትባል ከምሳ በኋላ ነው የምትሄደው፤ የጻፈው ሰው ያሰበው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ዘግይታ ትደርሳለች፤ «ቀጠሮዎ አልፏል» ትባላለች። ስህተቱ የእርሷ ሆኖ ይመዘገባል።

ይህን ሳነሣ ከሙያ ባልደረቦቼ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ሕዝቡ ገና ዲጂታል አልሆነም»። ይህ መልስ ያናድደኛል። ግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ሲጀመር ስማርት ስልክ የሌለው ሰው *127# ደውሎ በቁልፍ ስልክ መጠቀም ችሏል። ስለዚህ የቁልፍ ስልክ የያዘውን ሰው አስቦ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ እኛ ስለ ፊደላችን፣ ስለ ወራችንና ስለ ሰዓታችን ለማሰብ ምን ከለከለን? በ2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የነዳጅ ክፍያ ወደ ስልክ ሲዞር እንዳየነው፣ የድሮው በር እየተዘጋ ነው። አንድ በር ብቻ ሲቀር የበሩ ሠሪ ግዴለሽነት የሁሉም ሰው ችግር ይሆናል።

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ እርሱን አልክድም። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅም ኮዱን የመንካት ሥልጣን የለውም። ግን ደብተር አለው፤ ስልክ ቁጥር መቀበል ይችላል፤ «ሲመጣ እደውልልዎታለሁ» ማለት ይችላል። «ነገ ይምጡ» የሚለውን ማንም ፕሮግራመር አልጻፈለትም፤ የራሱ ነው።

እኔ የዚያን ቅጽ ፋይል በዚህ ሳምንት ከፍቼዋለሁ፤ አሥራ ሦስተኛው ወር ገብቷል፤ ስድስተኛው ቀን የሚመጣበትን ዓመት ግን ገና እያስተካከልኩ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጣችሁ ደግሞ፣ ነገ ጠዋት አንዲት እናት በፌስታል ወረቀት ይዘው ሲመጡና ሲስተሙ የሉም ሲላችሁ፣ ቀና ብላችሁ እዩአቸው። ከዚያ በሌላው ፀ ደግማችሁ ፈልጓቸው።