በሜትር የሚለካ ዝምታ

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አልፎ ቡሬ በሚደርሰው አስፋልት ላይ ታጅቦ የሚጓዝ ኮንቮይ፣ ወታደር የጫነም ይሁን ማዳበሪያና መድኃኒት፣ ከሁሉ በፊት የሚፈራው የማይታየውን ነው። የዓለም ሠራዊቶች ለዚህ ፍርሃት ካገኟቸው መልሶች አንዱ በመኪና ጣሪያ ላይ የሚተከል አንቴና ነው። አንቴናው ጃመር ከሚባለው የሞገድ ማፈኛ ጋር ተገናኝቶ በመኪናው ዙሪያ ያለውን አየር በጫጫታ ይሞላዋል፤ በሬዲዮ ወይም በስልክ ትእዛዝ የሚጠብቅ ፈንጂም ትእዛዙን ሳይሰማ መኪናው ያልፋል። መሣሪያው የሰው ሕይወት እንደሚያተርፍ አልጠራጠርም። የምከራከረው ስለ ስፋቱ ነው። ኮንቮይ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ዝምታ በሜትር የሚለካ ነው። በወረዳና በክልል መለካት ከጀመረ ጥበቃነቱ ይቀርና መንገዱን ለሚጠብቀውም ሆነ በመንገዱ ዳር ለሚኖረው አደጋ ይሆናል። ይህን የሚመሰክረው ደግሞ የመሣሪያው አሠራር ራሱ ነው፤ የጎጃም መሬትና ታሪክም ያጸኑታል።

ከአሠራሩ ልጀምር። በርቀት የሚፈነዳ ፈንጂ ሁለት ጫፍ አለው፤ በአንደኛው ትእዛዝ የሚልክ ሰው፣ በሌላው ትእዛዙን የሚጠብቅ ትንሽ ተቀባይ። ጃመር ላኪውን ዝም ማሰኘት አይችልም፤ የሚያደርገው ከላኪው ድምፅ የበረታ ጫጫታ ወደ ተቀባዩ መላክ ነው። ተቀባዩ ያለው መኪናው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ስለሆነ ርቀቱ ለመኪናው ያደላል። ላኪው 500 ሜትር ርቆ 5 ዋት በሚያወጣ የእጅ ሬዲዮ ቢያዝ፣ መኪናውም 100 ሜትር ላይ ሆኖ 50 ዋት ቢለቅ፣ የሬዲዮ ጉልበት ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ጫጫታው ከትእዛዙ በ250 እጥፍ ይበረታል። መኪናው 300 ሜትር ላይ እያለ ላኪው 100 ሜትር ድረስ ቢጠጋ ግን ሁለቱ ሊመጣጠኑ ምንም አይቀራቸው። ጥበቃው እንግዲህ ከመኪናው ጋር የሚሄድ፣ በጥቂት መቶ ሜትሮች የሚያልቅ ክበብ ነው። ኃይሉን አሥር እጥፍ ማሳደግ ክበቡን አሥር እጥፍ አያሰፋውም፤ ጫጫታው የሚደርስባቸውን የሌሎች ሰዎች ስልኮች ግን ያበዛል።

አንቴናው ራሱም ሁሉን ልሸፍን ሲባል ይቸግራል። በደንብ የሚያሰራጭ ተራ ዘንግ ቁመቱ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ነው። ለ30 ሜጋኸርዝ 2 ሜትር ተኩል፣ ለ150 ሜጋኸርዝ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የሞባይል ኔትወርክ ለሚሠራበት 900 ሜጋኸርዝ ደግሞ ከ8 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አንድ ዘንግ እነዚህን ሁሉ በእኩል ብቃት አያገለግልም። ስለዚህ ወይ ብዙ አንቴናዎች በአንድ ጣሪያ ላይ ይደረደራሉ፣ ወይም ሰፊ ባንድ የሚሸፍን ዘንግ ተመርጦ የተወሰነው ጉልበት በሙቀት ይባክናል። ሁሉን ባንድ በአንድ ጊዜ ላፍን የሚል መሣሪያ ያለውን ጉልበት ስለሚበታትነው በእያንዳንዱ ባንድ ላይ ይደክማል። በዚህ ላይ የመንገዱ ድብደባ አለ። የጣሪያ አንቴና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲመታው እንዲተጣጠፍ ሥሩ ላይ ጠንካራ ስፕሪንግ ይደረግለታል፤ ዘንጉ በፋይበር ግላስ ይሸፈናል፤ መገጣጠሚያው ውሃና አቧራ እንዳያስገባ ይታሸጋል። የጮቄ ተራራ ክረምት ዝናብና የመንገዱ ጉድጓድ ተባብረው አንዲት ኬብል ከመገጣጠሚያዋ ቢያላቅቁ ጃመሩ በርቶ እያለ ምንም ላያፍን ይችላል፤ መኪናው ውስጥ ያሉት ግን እንደተጠበቁ ያምናሉ። ጠንካራ አንቴና መግዛት የሚያዋጣው በየጉዞው መለኪያ ይዞ የሚፈትሸው የመገናኛ ባለሙያ ሲኖር ነው።

ከሁሉ ያነሰ የሚወራለት ጉድለት ደግሞ ጃመር የሚጮህ መሣሪያ መሆኑ ነው። የሚያፍነው በጥቂት መቶ ሜትር ቢሆንም የሚሰማው ከዚያ በጣም ርቆ ነው። ከመንገዱ በላይ ባለ ሸንተረር ላይ ተራ ተቀባይ የያዘ ሰው ጫጫታው ሲቀርብና ሲርቅ መለየት ይችላል። ተቀባይ ባይኖረውም የስልኩ ኔትወርክ ድንገት ሲጠፋ ኮንቮይ እየመጣ መሆኑን ሊገምት ይችላል። አየር ላይ የወጣ ሁሉ እንደሚሰማ ኢትዮጵያ ቀድማ፣ በከባድ ዋጋ ተምራለች። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በፊት ጣሊያኖች የንጉሠ ነገሥቱን የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፉ ያነብቡ ነበር፤ ጥቃቱ እንደሚመጣም አስቀድመው አውቀው ጠበቁት። ያን ጊዜ የጎዳን ሬዲዮ ማጣት ሳይሆን በሬዲዮ መሰማት ነበር። የዛሬው ጃመር ምስጢር ባያወጣም መገኛን ያወጣል፤ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ በዝግታ ለሚወርድ ኮንቮይ ደግሞ ከመገኛ የበለጠ ምስጢር የለውም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ከዚህ አይርቅም። በሰሜን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሻንጉሊት አውሮፕላን መቆጣጠሪያ ፈንጂ ማፈንጃ ሲሆን እንግሊዞች ማፈኛ ሠሩ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ፍሪኩዌንሲ ቀየሩ፤ ማፈኛውም ተከተላቸው። በኢራቅ አሜሪካኖች ዎርሎክና ዱክ የተባሉ ጃመሮችን በብዛት ሲያስገቡ በሬዲዮ የሚፈነዳው እየቀነሰ ሽቦ ተስቦ የሚፈነዳውና በሚያልፍ መኪና ሙቀት የሚነሳው በቦታው ተተካ። በአፍጋኒስታን የረገጡት ዕለት የሚፈነዳው ቀላል ፈንጂ አየሩን ጨርሶ አይፈልገውም ነበር። በዩክሬን ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በቀጭን የፋይበር ኦፕቲክ ክር የሚመሩ ድሮኖች ጃመር የተጫነባቸውን መኪናዎች ሳይቀር መትተዋል፤ ክር የሚጠለፍ ሞገድ የለውምና። ከዚህ ሁሉ ጃመር ከንቱ ነው የሚል ድምዳሜ አይወጣም። በሬዲዮ የሚፈነዳውን ማስቀረቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። የሚወጣው፣ ጃመር አንድን በር ሲዘጋ ሌሎቹ ክፍት እንደሚቀሩና እነዚያን በሮች የሚጠብቀው በአብዛኛው ከሰው የሚገኝ መረጃ መሆኑ ነው።

መረጃ እንዴት መንገድ እንደሚያስጠብቅና መንገድ እንደሚያስለቅቅ ለማየት ከደብረ ማርቆስ መራቅ አያስፈልግም። በጣሊያን ወረራ ዘመን እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ሬዲዮ የያዘውን ትንሽ ጓዱን ይዞ ጎጃም የገባው በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ፤ መጋቢት 28 ቀንም ደብረ ማርቆስ ገቡ። በመካከል የተደረገውን ዘመቻ የመራው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጌዲዮን ጦር በቁጥርም በመሣሪያም ከጣሊያኖቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ጣሊያኖቹ ምሽግ፣ ብረት ለበስ መኪናና የስልክ መስመር ነበራቸው። የጌዲዮን ጦር ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ የነበረው እውቀት ነው፤ የትኛው ምሽግ እንደፈራ፣ የትኛው መንገድ ሌሊት እንደሚያስወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ። ደብረ ማርቆስ ከተያዘች በኋላ የጣሊያኖቹን የስልክ መስመር አልቆረጡትም። ከጦሩ ጋር የነበረው ጣሊያንኛ ተናጋሪ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ በዚያው መስመር ለጣሊያኖቹ ትልቅ ጦር እየመጣ ነው ብሎ እንዳስደነገጣቸው እንግሊዞቹ ጽፈዋል። ያን መስመር ቆርጦ መጣል የማንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነበር፤ ክፍት መተዉ ግን ይበልጥ ጠቀማቸው።

ሌላውም የዚያው ወር ታሪክ ነው። ከደብረ ማርቆስ የወጣው የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ የሆነ ረጅም ሰልፍ፣ ዓባይን መሻገር ነበረበት። መሻገሪያውን የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ይዘጋዋል ተብሎ ሲጠበቅ ሰልፉ ያለ ከባድ ውጊያ ተሻገረ፤ በኋላ ግንቦት ላይ እጁን ሰጠ። የተሻገረበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከጣሊያኖቹ ጎን የነበሩት ራስ ኃይሉ ከበላይ ጋር ያደረጉት ንግግር ነው የሚሉ አሉ። ማንም ትክክል ይሁን፣ እዚያ ገደል ላይ የሰልፉን ዕጣ የወሰነው ከላይ በኩል ያለው ሰው ፈቃድ ነበር። በዓባይ በረሃ በኩል ያለፈ ማንኛውም ጦር ይህን ያውቀዋል። ከደጀን ጫፍ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በቀጥታ መተያየት የሚፈልገው ተራ ሬዲዮ በየመታጠፊያው ይቆረጣል። የሚሠራው ረጅሙን የአጭር ሞገድ ዘንግ ወደ ኋላ ጎንበስ አድርጎ አስሮ ሞገዱን ወደ ሰማይ መላክና ከላይ ተመልሶ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ኮንቮዩ ከገደሉ ሥር ሆኖ ደብረ ማርቆስን የሚያነጋግረው በዚህ ከሆነ፣ በዚያ ባንድ ላይ በጭፍን የሚለቀቅ ጫጫታ መጀመሪያ የሚያፍነው ራሱን ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በአብዛኛው የክልሉ ክፍል ለወራት ተዘጋ። ከዚያ ቀደም፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጣ ነበር። መዝጋቱ በጣሪያ አንቴና የተሠራ አይደለም፤ በቴሌኮሙ ማዕከል የሚፈጸም ነው። ሐሳቡ ግን ከጃመሩ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ጠላት የሚነጋገርበትን አየር ዝም ካሰኘን መንገዱ ይጠበቃል የሚል። ውጤቱን ማየት ይቻላል። ኢንተርኔቱ በተዘጋባቸው ወራት ውጊያው አልቆመም፤ ከአዲስ አበባ ጎጃም የሚያደርሰው መንገድም በተደጋጋሚ ተዘግቷል። የታጣው ግን ብዙ ነው። በቴሌብር ገንዘብ የሚቀበል መምህር፣ ዋጋ ጠይቆ ጤፍ የሚጭን ነጋዴ፣ ከቢቡኝ ወይም ከስናን ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለማድረስ መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅ ያለበት ቤተሰብ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተቆረጡ። ከእነርሱ ጋር የተቆረጠው ደግሞ “ወደዚያ አትሂዱ፣ ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም” የሚለው ወሬ ነው። ያ ወሬ ለአሽከርካሪም፣ ለአምቡላንስም፣ ለኮንቮይ አዛዥም ከማንኛውም ጃመር የበለጠ ዋጋ ነበረው።

ይህን ስል የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ ይታወቀኛል። በኦራል መኪና ላይ የተጫነ የሃያ ዓመት ወታደር ሕይወት ከጤፍ ዋጋ ጋር አይመዘንም፤ አድፍጦ የሚመታውም በዚያው ኢንተርኔትና ስልክ ነው የሚቀናጀው ይባላል። የወታደሩ ሕይወት አይመዘንም፤ እስማማለሁ። ስለዚህም ነው በመኪናው ላይ ያለውን ጠባብ ጃመር የማልቃወመው። በሶማሊያ የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች በመንገድ ዳር ፈንጂ ስንት ጊዜ እንደተፈተኑ ለሚያውቅ ሰው ይህ መሣሪያ ቅንጦት አይደለም። ቅንጅቱን በተመለከተ ግን፣ ታጥቆ ጫካ የገባ ሰው የእጅ ሬዲዮ፣ መልእክተኛና የሳተላይት ስልክ ያገኛል፤ አማራጭ የማያገኘው ገበሬው ነው። ሰፊው መዝጋት ከታጣቂው ይልቅ ታጣቂ ያልሆነውን ነው የሚቆርጠው። የአጭር ሞገድ ዘመን ያስተማረንም ይኸው ነበር። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም ሲታፈን ከአየር የጠፋው በየቤቱ የሚደመጥ ዜና ነበር፤ ለማንም የሚተርፍ ጸጥታ አልተገኘበትም።

ሌላው ተቃውሞ የሕግ ነው፤ ወታደራዊ ጉዳይ ከሬዲዮ ሕግ ውጭ ነው የሚል። ግማሽ እውነት አለው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሥረቻ ሰነድ በአንቀጽ 45 ጎጂ ጣልቃ ገብነትን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 48 ደግሞ ለመከላከያ የሬዲዮ መሣሪያዎች ነፃነት ይሰጣል። ሆኖም ያው አንቀጽ 48 የአደጋ ጥሪን በመርዳትና ጎጂ ጣልቃ ገብነትን በመከላከል ረገድ ሠራዊቶችም በተቻለ መጠን ደንቡን እንዲጠብቁ ይጠይቃል። በአገር ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የሚያልፍ ጃመር የአምቡላንስ ስልክ ቢያቋርጥ ጥሪው የማን እንደነበረ፣ ለስንት ደቂቃ እንደታፈነ የሚያውቅ አካል መኖር አለበት።

ጠባብነት በመልካም ፈቃድ ብቻ አይጠበቅም፤ በአሠራር ነው። ጃመሩ ከተማ ሲገባና ሆስፒታል አጠገብ ሲያልፍ ኃይሉ የሚቀንስበት ወይም የሚጠፋበት ትእዛዝ መጻፍ አለበት። የአደጋ ጥሪ የሚያልፍበት ባንድ፣ ሥጋቱ በዚያ ባንድ መሆኑ ካልታወቀ በቀር፣ ሳይነካ መቆየት አለበት። አንቴናው የበራበትና የጠፋበት ሰዓት፣ የተለቀቀው ኃይልና የታፈነው ባንድ በመገናኛ ባለሙያው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። በጦርነት መካከል ማን መዝገብ ይጽፋል የሚል ካለ፣ አሜሪካኖች በኢራቅ የደረሰባቸውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 በየክፍሉ የተጫኑት ጃመሮች የራሳቸውን ሬዲዮ ሲያፍኑ፣ የባሕር ኃይል የኤሌክትሮኒክ ውጊያ መኮንኖችን ወደ ምድር ጦሩ ልከው የትኛው መሣሪያ በየትኛው ባንድ እንደሚጮህ ማስለየት ግድ ሆነባቸው። በዓባይ በረሃ ውስጥ ሬዲዮው ድንገት ጸጥ ያለበት አዛዥም ያፈነው የራሱ ጃመር ይሁን፣ ገደሉ ይሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን መለየት የሚችለው ያን መዝገብ ሲያገላብጥ ነው።