ከአሊዩ አምባ ሽቅብ እንሩጥ

በዩኒቨርስቲያችን ስለ ሩጫ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ሁሉ ስለ ሜዳ ነው። መሙ ይስተካከል፣ የሰዓት መያዣው ይታደስ፣ አሠልጣኝ ይጨመር ይባላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ የሚቃወምም የለም። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ፣ አንኮበር ላይ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ነጋዴና ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ሲመላለስበት የኖረው የእግር መንገድ እስከ አሊዩ አምባ ተዘርግቷል። ይህ እያለ ስለ 400 ሜትር መም ብቻ ስንከራከር መክረማችን ያስገርማል።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ በዚህ መንገድ ላይ የተማሪዎች ሩጫ ይደረግ የሚል አሳብ ማንሣታቸውን ሰምተን ደስ ብሎናል። የማንስማማው በአቅጣጫው ነው። እነርሱ የሚሉት ከአንኮበር ተነሥተን አሊዩ አምባ ደርሰን እንመለስ ነው። እኛ ግን በበኩላችን መነሻው አሊዩ አምባ፣ መድረሻው አንኮበር መሆን አለበት እንላለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሩጫው ደግ ወይም ክፉ የሚሆነው በዚሁ ነው።

እንደሚታወቀው በአልፕስ ተራሮች መንደሩ ያለው ከሸለቆው ግርጌ ነው። ሯጩ ጉልበቱ ትኩስ ሳለ ዳገቱን ይወጣል፣ ሲደክመው ቁልቁለቱ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። በስዊትዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሚካሄደው የሲዬር ዚናል ሩጫም ከታች ከሲዬር ከተማ ተነሥቶ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ከፍ ብላ ባለችው ዚናል ያበቃል። የእኛ ሀገር ግን ተገልብጦ የተሠራ ነው። ከተማውና መኪናው ያሉት ከላይ ነው። ከአንኮበር የሚነሣ ሰው በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ሆዱ ሳይጎድል፣ መንገዱ ራሱ እየገፋው ይወርዳል። ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ፀሐይ ስትበረታና ውኃው ሲያልቅ ግን እርሱ ያለው ከግርጌ ነው፤ የሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ገና አልተጀመረም።

ደግሞም ቁልቁለት ያርፉበታል የሚለው አባባል የተሳሳተ ነው። ሳንባው ያርፍ ይሆናል እንጂ የጭን ጡንቻ አያርፍም። ሽቅብ ስንወጣ ጡንቻው እያጠረ ይሠራል፤ ቁልቁል ስንወርድ ግን እየተሳበና እየረዘመ የሰውነትን ክብደት እንደ ፍሬን ይይዛል። ይህ ዓይነቱ ሥራ የጡንቻውን ጭረት ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ሕመሙም በማግስቱና በሠልስቱ ይብሳል። ቁልቁል ገበያ ወርዶ የማያውቅ የከተማ ልጅ በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ሲሄድ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ወለምታም የሚበዛው በመውረጃው ላይ ነው፤ ከወጌሻ ጋር የሚያተዋውቀው እርሱ ነው። ሽቅብ የሚሮጥ ሰው ቢወድቅ ከመዳፉ በላይ የሚጎዳው ጥቂት ነው።

ስለ አየሩም አንድ ነገር እንበል። እኛ የምንኖርበት ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ ወርደው የሚሠለጥኑ ሯጮች በ5,000 ሜትር ሩጫ ሰዓታቸውን እንዳሻሻሉ ጽፈዋል። ሌላው ዓለም ለዚህ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። እኛ ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይዘን ተቀምጠናል። የአካል ማጎልመሻ መምህሮቻችን በዚህ ላይ አንድ ነገር ቢጽፉልን ከማንም በፊት የምናነብ እኛ ነን።

ይሁን እንጂ መንገድ ስላለን ብቻ ሯጭ ሆነናል ማለት አይደለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የተወለደው ከዚሁ ከእኛ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለ መንደር ነው። እኛም ይህን እየጠቀስን እንኮራለን፤ ድሉ ከአፈሩ የበቀለ አድርገን እናወራለን። አበበ ግን የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ በስዊድናዊው በኦኒ ኒስካነን እጅ በሥርዓት የሠለጠነ ሰው ነበረ። በባዶ እግሩ መሮጡን ሁሉ ያወሳል፤ ልምምዱን የሚያወሳ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አሊዩ አምባ የአንኮበር ጅራት አይደለችም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ንግድ በር እርስዋ ነበረች። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠው ቅፍለት የሚያርፈው በዚህ ግርጌ ነው። ግመል ዳገቱን ስለማይደፍረው ጨውና ጨርቁ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ ወደ ታች ይወርድ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 በዚችው ከተማ ተቀምጦ ስላየው ኑሮ መጽሐፍ ጽፏል። አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኙባት ነበር። ባሪያም በዚሁ መንገድ እየተነዳ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር፤ በአቅራቢያው የባሪያ ገበያ እንደነበረም ተጽፏል። ታሪኩን የምናነሣ ከሆነ ይህንንም ጨምረን እናንሣው። በደስታ ቁልቁል ለመሮጥ የተመረጠው መንገድ ያ መንገድ ነው።

ኋላ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ፤ የጅቡቲው ባቡርም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጨው በባቡር ሲመጣ አሊዩ አምባን የሚፈልጋት ነጋዴ አነሰ። ዛሬ ደግሞ የመኪናው መንገድ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። በእርሱ እንሩጥ የሚሉ አሉ፤ አቧራና የጭነት መኪና መዋጥ ለሚወድ ሰው መልካም ነው። የእግር መንገድ ግን ካልተረገጠ ይሞታል። ድንጋዩን የሚመልስለት፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚያወጣለት ሰው ሲጠፋ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አህያ የጫነች ሴትም አትሄድበትም።

እንግዲህ ከአንኮበር ተነሥተን ወርደን ብንመለስ አሊዩ አምባ ምን ታገኛለች? መቶ ተማሪ መጥቶ ውኃዋን ጠጥቶ ዞሮ ይሄዳል። መነሻው እርስዋ ብትሆን ግን በዋዜማው ወርደን እናድራለን፤ እራታችንን እዚያው እንበላለን፤ ለማደሪያ እንከፍላለን፤ ከሸማኔዎቹ ጋቢ የሚገዛም ይኖራል። ከሁሉም በላይ ከሀገሩ ሽማግሌዎችና ከሸኾቹ ጋር ተቀምጠን በየትኛው በኩል እንደምናልፍ፣ የማን እርሻ ዳር እንደምንረግጥ ፈቃድ እንጠይቃለን። ይህ እንግዳ ሆኖ መሄድ ነው። ያኛው ግን በሰው ጓሮ ማለፍ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምራለን። ሩጫው በገበያ ቀን አይደረግ። በቀጭኑ መንገድ ላይ አህያ ከተማሪ ጋር ከተገናኘች ጥግ መያዝ ያለበት ተማሪው ነው፤ እርስዋ ሥራ ላይ ናት። ደግሞም ከመዝገቢያው ገንዘብ ከፊሉ ለሸሚዝና ለዋንጫ ከመዋሉ በፊት፣ መንገዱን ለሚያውቁት ለሀገሩ ሰዎች የቀን ሙያ ተከፍሎ ከክረምት በኋላ የፈረሰው ይካብ። ዋንጫ ባይኖር የሚቀርብን ነገር የለም።

ጊዜው ይህን ይፈቅዳልን? ብሎ የሚጠይቀን ሰው ትክክል ጠይቋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሆነውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም። ቀን እንቁረጥ አላልንም። ሽማግሌዎቹ ኑ ሲሉን እንሂድ፣ ቆዩ ካሉን እንቆይ ነው የምንለው። እስከዚያው ግን ከአካባቢው የመጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸውና፣ ለዕረፍት ሲሄዱ መንገዱ የትኛው ላይ እንደተቆረጠ፣ ምንጭ የሚገኘው የት የት እንደሆነ፣ ከታች እስከ ላይ ጭነት የሌለው ሰው በስንት ሰዓት እንደሚወጣ እየጻፉ ያምጡልን። ወረቀቱን የማኅበሩ ስፖርት ክፍል ይቀበላል። ከላይ ወደ ታች ይሁን የሚሉትም ወገኖች ምክንያታቸውን ቢጽፉ በሚቀጥለው እትም ቦታ ተትቶላቸዋል።